የእትዬ ትሁኔ ሳጥን

መርዶው የደረሰኝ የሸማ ጉድጓዴ ውስጥ ገብቼ ገና መወርወሪያውን ሳልጨብጥ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን ገና ሙቀቱ ሳይነሳ። ስልኩን ባለቤቴ ባሎቴ አንስታ ጥቂት ሰማችና ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። የደወለችው የእትዬ ትሁኔ የእህት ልጅ ነበረች፤ ከቢቸና። አክስቴ አርፋለች፣ ትናንት ቀበርናት፣ ለጋሽ ሻንቆ ንገሪልኝ ብላ አደራ ጥላብኝ ነበር አለች። ለሌላ ሰውስ ብዬ ጠየቅኳት። ለሌላ ሰው ምንም አላለችም፤ ለእርስዎ ብቻ ነው ያለችኝ አለች።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ ጥርጣሬ ነው። ለምን ለእኔ ብቻ? ምን ማለቷ ነው? ይህችን ሴት ስጠረጥር ብዙ ጊዜ ስለኖርኩ ልማድ ሆኖብኝ፣ ሞታም አልለቀቀኝም።

ባሎቴ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ "እድሩ ይቀመጥላታል?" አለችኝ። እንጃ አልኳት። መልሱን ግን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። እዚህ ሰፈር አብሮን የኖረ ሰው ሩቅ አገር ሄዶ እንኳ ቢሞት፣ ድንኳን ተተክሎ አንድ ቀን ይለቀስለታል። ለእትዬ ትሁኔ ግን ማንም ድንኳን አይተክልም። ለምን እንደማይተክል ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ቤታችን የገባችው የዛሬ አራት ዓመት ነው። በዕድሜ እበልጣታለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ስላላት ግን እኔም እትዬ አልኳት። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ነበረች። በወጣትነቷ በሥራ ተመድባ ከጎጃም መጥታ፣ ሠላሳ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርታ ጡረታ የወጣች ናት። የጓሮውን ክፍል ልትከራይ ስትመጣ አብሮሽ የሚኖር አለ ወይ አልናት። የለም፣ ብቻዬን ነኝ አለች።

በማግስቱ ዕቃዋ በባጃጅ መጣ። ፍራሽ፣ ሁለት ወንበር፣ ማዳበሪያ ሙሉ መጽሐፍ፣ ከዚያ ደግሞ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ሳጥን። ባለባጃጁ ሊያወርደው እጁን ሲዘረጋ ተወው ብላ ራሷ አቅፋ አስገባችው። በአጠገቤ ስታልፍ ከጨርቁ ሥር ጥፍር ሲቧጥጥ ሰማሁ። ባሎቴም ሰምታለች። ተያየን።

እኛ ቤት ሁለት ድመቶች አሉ፤ ሻሽና ቡሬ። ለጌጥ አይደሉም። እኔ ከጨንቻ የወረድኩ ሸማኔ ነኝ፤ ድሩ እንዲጠነክር የዱቄት ሙቅ ስለምንቀባው አይጥ ይወደዋል። ድመት የሌለው ሸማኔ ጠዋት ሲነሳ የሚያገኘው የተበጣጠሰ ድር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጫፍና ጫፍ ሲቋጥርና ትርፉን በጥርሱ ሲከረክም ይውላል። እትዬ ትሁኔ ድመቶቹን ስታይ ግቢው መሀል ቆመች። ብዙ አየቻቸው።

"ጋሽ ሻንቆ፣ እነዚህ በር መክፈት ይችላሉ?" አለችኝ።

የገረመኝ ጥያቄ ነው። ቡሬ መቀርቀሪያ ገፍቶ ይከፍታል አልኳት እውነቱን። አንገቷን ነቀነቀች። ከሰዓት በኋላ ገበያ ሄዳ አንድ ጥቅል ሲባጎ ገዝታ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ሁሉ እያገጣጠምን እንጠረጥር ጀመር። በጠራራ ፀሐይ ክፍሏ ውስጥ አምፖል ይበራል። ሰው ልትጨብጥ ስትል እጇን ትታጠባለች፤ ጨብጣም ትታጠባለች። በሯን ዘግታ ብቻዋን ስታወራ ይሰማል። "ተዘግቷል?" ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ተዘግቷል" ብላ ለራሷ ትመልሳለች። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። አንድ ጋሪ ነጂ ጎረቤታችን ደግሞ ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ የሙዙ እርሻ ጫፍ ላይ በማለዳ ጎንበስ ብላ ቅጠል እየገለበጠች የሆነ ነገር በጠርሙስ ስትለቅም አየኋት ብሎ አወራ። ባሎቴ ይህን ስትሰማ በጓሮው በኩል ልብስ ማስጣት ተወች።

እኔ ሰው ፊት ለፊት መጠየቅ አልችልበትም። በክፍሏና በዕቃ ቤታችን መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃው የረገፈበት ቀዳዳ አለ፤ አንድ ቀን ዓይኔን እዚያ ላይ አደረግኩ። ጥቁሩ ጨርቅ ተገልጧል። እትዬ ትሁኔ በወረንጦ ፌንጣ ይዛ በሳጥኑ ክዳን በኩል ወደ ውስጥ ታወርዳለች። ከታች አንድ ፍጡር አንገቱን ቀና አደረገ። ራሱ ብርቱካን፣ ጀርባው ሰማያዊ። እንሽላሊት ነው። ከኋላው ሌሎች ሁለት አሉ፤ እነሱ ትንንሽና አፈር የመሰሉ ናቸው።

"ጋሽ ሻንቆ፣ በቀዳዳ ዓይንዎ ከሚቀላ በበሩ ይግቡ" አለች፤ ፊቷን እንኳ ሳታዞር።

እያፈርኩ ገባሁ። መጀመሪያ በሳሙና እጄን አስታጠበችኝ፤ የቡሬ ጠረን አለብዎት፣ ከሸተታቸው ይደነግጣሉ አለች። ስወጣም ደግሜ መታጠብ እንዳለብኝ ነገረችኝ፤ ያኔ ደግሞ የእነሱን ጠረን ይዤ ቡሬ ዘንድ እንዳልሄድ። ከዚያ "ተዘግቷል?" አለች። በሩን ማለቷ ነው። ተዘግቷል አልኳት። ሳጥኑን መልሳ የከፈተችው ከዚያ በኋላ ነው። ለካ ያ ሁሉ ብቻዋን ማውራት ይኸው ነበር።

ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ አሳየችኝ። ወንፊት ሽቦው ድርብ ነው፤ በሁለቱ መካከል የጣት ያህል ክፍተት አለ፣ ጥፍር አንደኛውን ቢያልፍ ሁለተኛው ላይ እንዳይደርስ። ጠረጴዛው ከግድግዳው ጋር በምስማር ተያይዟል፤ ድመት ዘሎ ቢያርፍበት እንዳይገለበጥ። ጨርቁ ድመት በመስኮት እንዳያያቸው ነው፤ ባይነካቸው እንኳ ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ምግብ ይተዋሉ አለች። አምፖሉ ሙቀታቸው ነው። ድመት ደግሞ ሙቀት ስለሚወድ ላዩ ላይ እንዳይተኛ ከክዳኑ በላይ ቆርቆሮ በሰያፍ አስቀምጣለች፤ የወጣ ድመት ይንሸራተታል። ክዳኑ መቀርቀሪያ አለው፤ በመቀርቀሪያው ላይ ደግሞ ሲባጎ ታስሮበታል፤ ጫፉን ሲስቡት የሚፈታ አስተሳሰር።

"ይህ ሁሉ ከሆነ ለምን ድመት ያለበት ቤት መጣሽ?" አልኳት።

"ድመት የሌለበት ቤት የት አለ? ድመት ደግሞ እወዳለሁ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ለዚህ ነው የማላስተዋውቃቸው።" ቀጥላም "ድመት ቢበላቸው ድመቱን አልወቅሰውም" አለች። "የምወቅሰው በሩን የከፈተውን ሰው ነው።"

ከየት እንዳመጣቻቸውም ነገረችኝ። ትምህርት ቤት ሳለች እንሽላሊት፣ እንቁራሪት፣ እባብ እያስያዘች እንዳይበሰብስ በሚያደርግ መድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ትከት ነበር፤ ለተማሪ ማሳያ። ጡረታ ስትወጣ እነዚህ ሦስቱ ተራ ይጠብቁ ነበር። ሠላሳ ዓመት ስከት ኖሬ እነዚህን ትቼ መውጣት አቃተኝ አለች። እንደ ቀላል ነገር ነው ያለችው። መነጽሯን ግን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ልቤ ማረፍ ነበረበት። አላረፈም። ብቻዬን ነኝ ብላን ነበረ እኮ። አንዱን የደበቀ ሌላም ሊደብቅ ይችላል እያልኩ ለባሎቴ እንሽላሊት ነው ብዬ ነገርኳት፤ ባሎቴ ለጎረቤት ነገረች። እጅ መታጠቡን፣ ድርብ ሽቦውን፣ ፌንጣውን ማንም አልጠየቀም። እንሽላሊት የምትለዋ ቃል ብቻ በቃቻቸው።

በዚያው ሰሞን የባሎቴ እግር ማበጥ ጀመረ። እኛ ጋሞዎች ጎሜ የምንለው ነገር አለ። የተከለከለውን የተላለፈ ሰው በደሉን ደብቆ ከተቀመጠ፣ መከራው እሱ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን ይነካል። የሚሽረው አውጥቶ መናገር ነው። እንግዲህ ባሎቴ እግሯን እያሸች "ይህች ሴትዮ ጎሜ አለባት፤ ያ ነገር ከገባ ነው እግሬ ያበጠው" ማለት ጀመረች። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ ናት። ደረጃ የምትወጣው ግድግዳ ይዛ ሆነ። እትዬ ትሁኔን ውጪ እንዳልላት ምን በደለችን? አትውጪ እንዳልል ደግሞ እግሩ እያበጠ ነው።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዛሬ ሳስበው ያፈርኩበት፣ ያን ጊዜ ግን ብልህነት የመሰለኝ። እኔ ሰው አልበድልም፤ ድመት ነው የበላው ይባላል።

በወሩ ማርያም ዕለት እትዬ ትሁኔ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እስከ እኩለ ቀን አትመለስም። ባሎቴ ገበያ ነበረች። ቤቱ የኔ ስለሆነ ትርፍ ቁልፍ አለኝ። ገባሁ፤ ቆርቆሮውን አነሳሁ፤ የሲባጎውን ጫፍ ሳብኩ፤ ተፈታ። መቀርቀሪያውን ከፍቼ ክዳኑን ወደ ግድግዳው አስደገፍኩት። ቡሬን ከጓሮ አንስቼ ክፍሉ ውስጥ ለቀቅኩት። በሩን ዘግቼ ወደ ጉድጓዴ ተመለስኩ።

መወርወሪያውን አነሳሁ። አንድ ሁለቴ ወረወርኩ፤ ማጉ ተበላሸ። ከዚያ ከወዲያ በኩል ቆርቆሮ ሲወድቅ ሰማሁ። እየሮጥኩ ሄድኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ። ቡሬ አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን በአፉ ይዞታል። ጭራው ብቻውን ወለሉ ላይ ይወራጫል። ድመቱን ማጅራቱን ይዤ አወጣሁት፤ የተረፈውን በቅጠል ጠቅልዬ ቦይ ውስጥ ጣልኩ። ትልቁ፣ ባለ ብርቱካን ራሱ፣ አምፖሉ ሥር ካለው ጣሳ ውስጥ ገብቶ ተርፏል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አየኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ያደረገው ድንጋጤ ነው። ክዳኑን ዘጋሁ፣ መቀርቀሪያውን መለስኩ፣ ሲባጎውን አሰርኩ፣ ትርፉን በጥርሴ ከረከምኩ፣ ቆርቆሮውን ጫንኩበት፣ በሩን ቆለፍኩ። ማንም ያልገባ እንዲመስል ነው። ያልገባ ከመሰለ ሁለቱ የት ሄዱ እንደሚባል አላሰብኩም።

እትዬ ትሁኔ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ክፍሏ ገባች። ብዙ ቆይታ ወጣች። እኔ ጉድጓዴ ውስጥ ነኝ፤ ከላይ ቆመችብኝ።

"ጋሽ ሻንቆ፣ ሰው ክፍሌ ገብቶ ነበር?"

"አላየሁም" አልኩ።

ፊቴን አላየችም። እጄን ነው ያየችው፤ ድሩ ላይ የተዘረጉትን ጣቶቼን። ከዚያ እሺ ብላ ሄደች። በማግስቱ አናጢ ጠርታ የሳጥኑ ጎን ላይ ትንሽ በር በቁልፍ አሠራች፤ የላዩን ቆርቆሮ በምስማር አስመታችው። ከአሁን በኋላ ከላይ አይከፈትም አለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ወሬው ግን ከእኔ እጅ ወጣ። አናጢው ሁለቱ ጠፍተዋል ብሎ አወራ። የተቆለፈ ክፍል፣ የታሰረ ሳጥን፣ ውስጡ የነበሩት የሉም። ሰፈሩ ፍችውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ልካቸዋለች ተባለ። በአራተኛው ቀን የእድራችን ዳኛ የአቶ ኦይቻ ጥጃ ሞተ። የት እንደላከቻቸው ታወቀ ማለት ነው።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ፤ እሷንም ጠሯት። አቶ ኦይቻ እንደኔው ሸማኔ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥጃው ግን አንድ ብቻ ነበረ። በለሰለሰ ድምፅ ጠየቃት፤ በሩ ተቆልፎ፣ ሳጥኑ ታስሮ እነዚያ ነገሮች በየት ወጡ? እትዬ ትሁኔ ተነሥታ ቆመች።

"የሚያውቅ ሰው ካለ ይናገር" አለች።

ከዚያ ጠበቀች። እኔ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነበርኩ። ባርኔጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠርዙን አዞር ነበር። ሁሉንም ዞራ አየች፤ እኔ ጋ ስትደርስ ከሌላው ሰው የበለጠ አልቆየችም፤ አላነሰችምም። ልናገር አፌን ከፈትኩ መሰለኝ። ባሎቴ ከሴቶቹ መካከል ታየኛለች። አቶ ኦይቻ ያየኛል። ዘጋሁት።

"እንግዲያው ክዳኑን የረሳሁት እኔ ነኝ" አለች እትዬ ትሁኔ፤ ተቀመጠች።

ማንም አላመናት። ከግቢው አላስወጧትም፤ ስሟን ግን ከእድሩ ሰረዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሯን የሚያንኳኳ ጠፋ። ሰላም ስትል በሩቁ ይመልሱላታል።

ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆን ቡሬ ታመመ። ያስመልሰዋል፤ አይበላም፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። ከተከሰሰች ወዲህ እትዬ ትሁኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ በር መጣች። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውሃና ስኳር ትንሽ ጨው ጨምራ ጠብ ጠብ እያደረገች ታጠጣው ጀመር።

"ምን በላ?" አለችኝ።

"አይጥ" አልኩ።

"ከባድ አይጥ መሆን አለበት" አለች። አልሳቀችም። "ትዝ ካለዎት ይንገሩኝ። የእንስሳት ሐኪሙ መድኃኒት የሚሰጠው የበላውን ሲያውቅ ነው።"

በማግስቱም መጣች፤ ትዝ አለዎት ወይ አለችኝ። በሦስተኛውም ቀን። ዘጠኝ ቀን ተመላልሳ ዘጠኝ ቀን ጠየቀችኝ፤ ዘጠኝ ቀን አይጥ አልኩ። በአሥረኛው ቀን መጠየቅ ትታ መድኃኒት ይዛ መጣች። "ለሐኪሙ እንሽላሊት በልቷል ብዬ ነገርኩት" አለችኝ፤ "ግቢ ውስጥ ከሚሮጡት አንዱን ይሆናል።" ቡሬ ዳነ።

ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬው ተገለበጠ። ታውቃለች? አታውቅም? ለልብስ ማስጫ ገመድ ስትለምነኝ ሲባጎውን ልታስታውሰኝ ይሆን አልኩ። ዕለት ዕለት ስታልፍ ጣቶቼን ታያለች ወይስ ለእኔ ይመስለኛል? ብታውቅ ለምን ዝም አለች? ለአንድ ቀን የምታቆየው ይሆን? ቂም የያዘ ሰው ድመቴን አያድንም እላለሁ፤ ደግሞ ተመልሼ፣ ያዳነችው ዕድሜ ልኬን እንዳየው ይሆን እላለሁ። እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። የባሎቴ እግር እንዳበጠ ነው። ጤና ጣቢያ የደም ሥር ነው አሏት፤ በጨርቅ እየተጠቀለለ ይሻላታል።

አምና እትዬ ትሁኔ ከሳች። የእህቷ ልጅ ልትወስዳት መጣች። በሄደችበት ጠዋት ሳጥኑ ያለበት ክፍል ጠራችኝ። እጄን ታጥቤ ገባሁ። ሕጉን ሁሉ እንደ አዲስ ነገረችኝ፤ ድርብ ሽቦው ሲዝግ፣ ጨርቁ ሲታጠብ፣ ፌንጣው ከየት እንደሚለቀም። በጎኑ በር ብቻ ይክፈቱ፣ ላዩን አይንኩት አለች።

"ለምን ለእኔ ነው የምትተዪው?" አልኳት። "እኔ የድመት ሰው ነኝ።"

"ለዚህ ነው" አለችኝ። "ድመት ምን እንደሚያደርግ እዚህ ሰፈር ከእርስዎ የበለጠ ያየ የለም።"

ይህን ተናግራ ተሳፈረች። እኔ ያንን አነጋገር ዓመት ሙሉ ስገለብጠው ከረምኩ። እንሽላሊቱን ግን እንዳዘዘችኝ ጠበቅኩት። በማለዳ ኩልፎ ዳር ቅጠል የሚገለብጠው ሰው እኔ ሆንኩ፤ ጋሪ ነጂው እኔንም አይቶ አወራ።

እንግዲህ መርዶው በመጣ በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ የአምፖሉ ሽቦ ከላይ በኩል ተቃጠለ። እንሽላሊቱ ሙቀቱ ቀርቶበት ድንጋዩ ላይ ደነዘዘ። ላዩን አይንኩት ብላኛለች፤ አሁን ግን ሌላ መንገድ የለም። የቆርቆሮውን ምስማር በጉጠት ነቀልኩ። አነሳሁት።

ሲባጎው እዚያው ነበር። ሳይፈታ፣ ሳይቆረጥ፣ አቧራ ለብሶ። መሀሉ ላይ ቋጠሮው አለ፤ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ ጫፎቹ በጥርስ የተከረከሙ። የተበጠሰ ድር የምንቀጥልበት ቋጠሮ ነው። አንዴ ከጠበቀ በጣት አይፈታም፤ ሸማኔ ያልሆነ ሰው አያስረውም። እሷ ጫፉን ሲስቡት የሚፈታውን ትታ ሄዳ ተመልሳ ያገኘችው ይህንን ነው። በዚያው ማርያም ዕለት አውቃለች። እድሩ ፊት ቆማ የሚያውቅ ካለ ይናገር ስትል ታውቅ ነበር። ዘጠኝ ቀን ትዝ አለዎት ወይ ስትለኝ ታውቅ ነበር። አንድ ጊዜ በመቀስ ብትቆርጠው ያልቅ ነበር፤ አልቆረጠችውም፤ ላለመቁረጥ ብላ አናጢ ጠርታ ሌላ በር አሠራች። ቂም ይሁን ምሕረት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ብቻ የኔን ቋጠሮ ለኔ ነው ያስቀመጠችልኝ።

አምፖሉን ጠገንኩ። ሲባጎውን ከቋጠሮው ወዲያና ወዲህ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩ።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። እትዬ ትሁኔ አርፋለች፣ እንቀመጥላት አልኩ። ስሟ ተሰርዟል፣ የኛ ሟች አይደለችም አሉ። አንዱ ሰውዬ ደግሞ ሳቅ ብሎ፣ ያ ትልቁ እንሽላሊቷ ይቀመጥላት እንጂ አለ። እኔ ተነሥቼ ሄጄ ሲባጎውን አቶ ኦይቻ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የሳጥኑ ነው አልኩ፤ ሁለቱ ከጠፉበት ዕለት ጀምሮ እንደታሰረ ነው።

አቶ ኦይቻ ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። አብሮኝ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን የሸመነ ሰው ነው። ከኋላ ያሉት ሸማኔዎችም ተንጠራርተው አዩት።

"ይህ ያንተ እጅ ነው" አለኝ በቀስታ።

"የኔ ነው።"

"እንግዲያው በአፍህ ተናገር።"

ተናገርኩ። ቁልፉን፣ ቡሬን፣ ጭራው ወለሉ ላይ ሲወራጭ፣ ቦዩን፣ አይጥ ያልኩበትን ዘጠኝ ቀን። ባሎቴን ሳላያት ተናገርኩ። ስጨርስ አቶ ኦይቻ "ጥጃዬስ?" አለኝ። እሱን አላውቅም አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ለጸሐፊው ዞሮ ሌላ ቤት ያለው ድንኳን መቼ ነው የሚመለሰው ብሎ ጠየቀ።

ሐሙስ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ሁሉም መጣ። አንዳንዱ ለእትዬ ትሁኔ፣ አንዳንዱ እኔን ሊያይ፤ አውቀዋለሁ። ባሎቴ ከእሑድ ጀምሮ ከሁለት ቃል በላይ አላናገረችኝም። ከሰዓት በኋላ አቶ ኦይቻ ያንን ነገር አሳዩኝ አለ። ወደ ጓሮው ስንሄድ ባሎቴ እግሯን እየጎተተች ጆግና ሳሙና ይዛ ተከተለችን፤ በሩ ላይ ቆማ የአቶ ኦይቻን እጅ አስታጠበች፤ የኔንም አስታጠበች፤ የራሷንም ታጠበች። ሦስታችን ገባን። እሷ ወደ ሳጥኑ ሄዳ ጨርቁን ያዘችና ሳትገልጠው ቆመች።

"ተዘግቷል?" አለች።

ዞር አልኩ። ከበሩ ሥር ባለው ስንጥቅ የቡሬ መዳፍ ይታያል።

ተዘግቷል አልኳት። ከዚያ ግን ራሴን ስላላመንኩት ተመልሼ በሩን በእጄ ገፋሁት።